ማሽኑ 37.8 ዲግሪ እያለ ጫጩቶቹ ቅርፊት ውስጥ እየሞቱብኝ ነው፤ ደብረ ብርሃን

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። 56 እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ ማሽን አለኝ። ማራገቢያ አለው፣ እንቁላሉንም ራሱ ያገላብጣል። ሙቀቱን 37.8 ላይ አስተካክዬ፣ እርጥበቱን ደግሞ ማሳያው እስከ 18ኛው ቀን 55 አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ 70 እንዲል ውሃ እየጨመርኩ ነው የሠራሁት። ያስገባሁት 48 እንቁላል ነው። ግማሹ የራሴ ዶሮዎች የጣሉት፣ ግማሹ ዘመድ ከሸዋ ሮቢት የላከልኝ።

በ7ኛው ቀን በስልክ መብራት ሳያቸው 8ቱ ባዶ ስለነበሩ አወጣኋቸው። የቀሩት 40 ደም ሥራቸው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። 21ኛው ቀን ሲደርስ ግን አንድም ድምፅ የለም። በ22ኛው ቀን ማታ መሰንጠቅ ጀመሩ፣ እስከ 23ኛው ቀን ድረስ 15 ወጡ። 9ኙ ቅርፊቱን በስተው፣ ምንቃራቸው እየታየ፣ ስሱ ሽፋን ላያቸው ላይ ደርቆ ሞቱ። የቀሩትን ስከፍታቸው አብዛኞቹ ላባ ያወጡ ሙሉ ጫጩት ናቸው። ከሸዋ ሮቢት ከመጣው እንቁላል የተረፉት 4 ብቻ ናቸው።

ማሽኑ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። እርጥበቱ እንዳይወጣ የአየር ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተሸፍነዋል። ሁለት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ግን ብዙም ሳይቆይ መጥቷል።

ሙቀቱ ነው፣ እርጥበቱ ነው ወይስ እንቁላሉ? ሌላ ዙር ከማስገባቴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ። ሙሉ ጫጩት ሆኖ ደጃፉ ላይ ሲሞት ማየት በጣም ያሳዝናል።

ቀወቴ (ሸዋ ሮቢት) ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ አይዞሽ። እርጥበቱ በዝቶ ነው። እኔ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ማሽኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ አላስገባም። በ18ኛው ቀን አንዱን የውሃ ቦይ ብቻ እሞላለሁ፣ ከ10 እንቁላል 8 ይወጣልኛል። ሙሉ ሆነው የሚሞቱት የእንቁላሉ ውሃ ሳይተንላቸው ቀርቶ፣ የአየር ቦታ አጥተው ታፍነው ነው። ውሃውን ተይውና ሞክሪ።

ሽቦና_ብየዳ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡02

ውሃውን ከመተውሽም ከመጨመርሽም በፊት ማሳያው እውነት መናገሩን አረጋግጪ። እነዚህን ማሽኖች እየፈታሁ እጠግናለሁ፤ ከሙቀቱ አንድ ዲግሪ፣ ከእርጥበቱ 10 እና 15 ነጥብ የሚስት ብዙ ይመጣልኛል።

ለሙቀቱ፦ የሰው ትኩሳት መለኪያ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከመድኃኒት ቤት ግዢ። ፔርሙስ ውስጥ 38 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ለብ ያለ ውሃ አድርጊ፣ የማሽኑን ሴንሰርና የትኩሳት መለኪያውን ጫፍ ጎን ለጎን ያዢያቸው። ሴንሰሩ ውሃ የማይወደው ዓይነት ከሆነ በስስ ፌስታል ጠቅልይው። ልዩነቱን ጻፊ። አብዛኞቹ ኮንትሮለሮች (የማሽኑ ሙቀት መቆጣጠሪያዎች) ላይ ይህን ልዩነት ማረሚያ ቦታ አለ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ይፈተሻል፣ 100 ማለት አለበት የሚል ምክር በየቦታው አለ። እኛ አገር አይሠራም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያ ያስተካከለ ሰው ደህናውን መለኪያ ያበላሻል። በረዶና ውሃ ተቀላቅሎ የሚሰጠው ዜሮ ግን እዚህም ዜሮ ነው።

ለእርጥበቱ፦ በጠርሙስ ክዳን የወጥ ጨው አድርጊ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ሳይሟሟ። ከእርጥበት መለኪያ ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል ወይም ዕቃ ውስጥ ዘግተሽ ከማታ እስከ ጠዋት አሳድሪው። ጠዋት 75 በመቶ ማለት አለበት። 85 ካለ 10 ይጨምራል ማለት ነው፣ ስታነቢ 10 ቀንሺ። የማሽኑ ሴንሰር የማይወጣ ከሆነ ትንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ገዝተሽ እሱን በጨው ፈትሺና ማሽኑ ውስጥ አስቀምጪው።

ርባታ_ደብሬ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

እህቴ፣ ችግሩን ጫጩቶቹ ራሳቸው ነግረውሻል። አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ጊዜው። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። 19 እና 20 ላይ የሚጣደፍ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ እንደ አንቺ 22 እና 23 ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሙቀቱ አንሷል። ማራገቢያ ላለው ማሽን ከ37.5 እስከ 37.8 ትክክል ነው። አንቺ 37.8 ላይ አድርገሽ እንዲህ ከዘገየ እንቁላሉ ጋ የደረሰው ሙቀት 37 ወይም ከዚያ በታች ነበር ብዬ እገምታለሁ። የመስኮቱ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። በዚህ ወር ሌሊት አመዳይ በሚጥልበት አገር መስኮት ሥር የተቀመጠ ትንሽ ማሽን በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ይቀዘቅዛል፣ ሴንሰሩ ግን ያለበትን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚለካው።

ሁለተኛ፣ ምንቃራቸውን አውጥተው የደረቁት 9ኙ። እነዚህ እርጥበት በዝቶባቸው አልሞቱም። ቅርፊቱ ሲበሳ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን በደረቅ አየር እንደ ወረቀት ይደርቅና ጫጩቱን ይጠፍረዋል፣ መዞር አይችልም። በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት እርጥበቱ ከ65 እስከ 75 መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በእነዚያ ቀናት ክዳኑን ስንት ጊዜ እንደከፈትሽው አልነገርሽንም። አንዴ ሲከፈት የተጠራቀመው እርጥበት በሙሉ ይወጣል፣ ለመመለስ ደግሞ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል።

ሦስተኛ፣ ሳይበሱ ሙሉ ሆነው የሞቱት። እዚህ ላይ ወንድማችን ቀወቴ ከጠቀሰው ሌላ ምክንያት አለ፣ እሱም የአየር ቀዳዳው ነው። ጫጩት በመጨረሻዎቹ ቀናት ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ኦክሲጅን ይፈልጋል። በእኛ ከፍታ አየሩ ሳስቶ የኦክሲጅኑ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ቀዳዳ ከተዘጋ የተነፈሱት የተቃጠለ አየር እዚያው ይታመቃል። ፕላስተሩን ዛሬውኑ አንሺው። እርጥበት የሚጠበቀው ቀዳዳ በመዝጋት ሳይሆን የውሃውን ገጽ በማስፋት ነው። የውሃው ጥልቀት ምንም አይጨምርም፣ ለአየር የተገለጠው ስፋቱ ነው የሚተነው። ሁለቱንም ቦይ ሙዪ፣ ካነሰ ንጹሕ ስፖንጅ ግማሹ ከውሃው ወጥቶ እንዲቆም አድርጊ። የምትጨምሪው ውሃ ለብ ያለ ይሁን።

አሁን ወደ ቀወቴ ምክር። ወንድሜ፣ አንተ ጋ ልክ ነህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ይህ ምክር ጫጩት ይገድላል። ሒሳቡ ይኸውልህ። ሸዋ ሮቢት ክፍልህ 28 ዲግሪ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን፣ ያው አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.5 ሲሞቅ ውሃ ሳትጨምርበት 35 በመቶ ገደማ ይሆናል። እዚህ ግን ክፍሉ 12 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ ያው 60 በመቶ ቢሆን፣ 37.5 ሲደርስ 13 በመቶ ነው የሚቀረው። ቀዝቃዛ አየር ሊይዝ የሚችለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ሲሞቅ ባዶ ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ያለ መለኪያ 60 ማለቱ ስለ ማሽኑ ውስጥ ምንም አይነግርም። በክረምት እንኳ፣ ጉሙ ቤት ገብቶ ሳለ፣ 12 ዲግሪና 90 በመቶ የሆነ አየር ሲሞቅ 20 በመቶ አይሞላም።

ሌላም አለ። አየሩ በሳሳ ቁጥር የውሃ ትነት በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በፍጥነት ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት እርጥበት ላይ ያለ እንቁላል እዚህ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ከፍታ ላይ የኖሩ ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል ቅርፊቱ ይህን በከፊል ያካክሳል። ከሸዋ ሮቢት የመጣው እንቁላል ግን 1,500 ሜትር ያህል ወጥቶ፣ በጣርማበር ዳገት ተንገጫግጮ ነው የደረሰሽ። ከዚያ 4 ብቻ መትረፉ አላስገረመኝም። ከቆላ ማምጣት ግድ ከሆነ ሹሉ ጫፍ ወደታች ሆኖ ቢያንስ 12 ሰዓት ይረፍ፣ ካንቺው እንቁላል ጋርም አትደባልቂው፤ የሚፈልገው እርጥበት ይለያያል።

ስለዚህ የማሳያውን ቁጥር ትተሽ እንቁላሉን መዝኚ። 10 እንቁላል በእርሳስ ምልክት አድርጊባቸውና በኤሌክትሮኒክ ሚዛን አንድ ላይ መዝኚያቸው። ከመግቢያው ቀን እስከ 18ኛው ቀን ከክብደታቸው ከ11 እስከ 13 በመቶ መቀነስ አለባቸው። 10ሩ 520 ግራም ከሆኑ በ7ኛው ቀን 25 ግራም ያህል፣ በ18ኛው ቀን 65 ግራም ያህል ቀንሰው ማግኘት ነው። ከዚያ ብዙ ከቀነሱ ውሃ ይጨመር፣ ትንሽ ከቀነሱ ውሃ ይነሳ። ሴንሰር ይሳሳታል፣ ሚዛን ላይ የጎደለው ውሃ ግን ጎድሏል።

የመንዟ_እናት (መሐል ሜዳ) ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡30

ልጆቼ ደህና ዋላችሁ። ማሽን ከልጄ ጋር የጀመርኩት በቅርብ ነው፣ ዶሮ ማስታቀፍ ግን ከልጅነቴ የማውቀው ሥራ ነው። አንቺ ልጄ፣ መብራት ጠፋ ብለሽ አትሸበሪ። የታቀፈች ዶሮም በቀን አንዴ ተነሥታ ጥሬዋን ለቅማ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ አመድ ላይ ተንከባላ ትመለሳለች፤ እንቁላሉ በዚያ አይሞትም። የሚገድለው ሙቀት መብዛቱ ነው። መብራት ሲጠፋብን ክዳኑን አንከፍትም፤ ማሽኑን በባና እንጠቀልለዋለን፣ ቀዳዳው ብቻ እንዳይሸፈን። ከቆየ በሃይላንድ የሞላነውን ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልለን በጎንና በጎኑ እናቆማለን። የምትታቀፍ ዶሮ ደግሞ ካለችሽ፣ በ18ኛው ቀን እንቁላሉን ማታ በጨለማ ከሥሯ አስገቢላት። የመጨረሻውን ሦስት ቀን እርጥበቱንም ሙቀቱንም እሷ ታውቅበታለች። እኛ ቤት ከማሽን ይልቅ በእሷ የወጡት ይጠነክራሉ።

ቀወቴ (ሸዋ ሮቢት) ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡50

ወንድሜ ርባታ፣ 13 በመቶ ይሆናል ያልከው ገብቶኛል። ወደ ደጋ ወጥቼ ስለማልሠራ በእኔ ቤት የሠራው የትም የሚሠራ መስሎኝ ነበር። እህቴ፣ የሱን ስሚ።

እኔ ጋ ያለው ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቤቱ ራሱ 35 ይገባል። ማሽኑ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ከ15ኛው ቀን በኋላ ማሞቂያው ጠፍቶ እያለ ማሳያው 39 ይላል።

ርባታ_ደብሬ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡35

ከግማሽ በኋላ ፅንሱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የሚበረታብህ። 39 ለአጭር ጊዜ ይቻላል፤ 40 አልፎ ለሰዓታት ከቆየ ግን አብዛኛው ያልቃል። በእነዚያ ወራት ማሽኑን ሙሉ አታድርገው፣ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት ካለ ወደዚያ አዛውረው፣ ከቆርቆሮ ቤት በጣም ይሻላል። ቀዳዳውን ሁሉ ክፈት። ቀን ላይ ከፍ ካለብህ ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ገለጥ አድርገህ ማቀዝቀዝ አይጎዳም፣ እማማ እንዳሉት ዶሮዋም ትነሣለች። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን አይከፈትም። ሌላው ምርጫ ወሩን መዝለል ነው፤ እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ።

ከመርሐቤቴ (ዓለም ከተማ) ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡10

መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተርና ባትሪ ያዋጣል? ስንት አምፔር ያስፈልገኛል?

ሽቦና_ብየዳ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡45

ማሽንህ ስንት ዋት እንደሆነ ጀርባው ላይ እይ። 80 ዋት ከሆነ፣ 12 ቮልት 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም (ከዚያ በላይ ባትሪውን ይገድለዋል) 4 ሰዓት ይይዝልሃል። ማሞቂያው ሁልጊዜ ስለማይበራ ሞቃት ክፍል ውስጥ ከዚያም ይዘልቃል። ለጫጩት ብቻ ብሎ መግዛት ውድ ነው፣ ለቤት መብራትና ለስልክም የሚሆን ከሆነ ግን ግዛው። ኮንትሮለርህን የሚያቃጥለው ግን መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው፣ ከባትሪው በፊት ስታብላይዘር አስገባ።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡05

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተሽኩ። በፔርሙሱ ውሃ የትኩሳት መለኪያው 37.9 ሲል የማሽኑ 38.8 ይላል፣ ማለትም 0.9 ይጨምራል። 37.8 እያለ እውነተኛው 36.9 ነበር። በጨው የፈተሽኩት ትንሽ መለኪያ 77 አለ፣ ደህና ነው። እሱን ማሽኑ ውስጥ ሳስገባው የማሽኑ ማሳያ 60 ሲል እሱ 46 ይላል። 70 ነው ስል የነበረው 56 ነበር ማለት ነው።

ማሽኑን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዛውሬዋለሁ፣ ፕላስተሩም ተነሥቷል። ኅዳር 18 የራሴን ዶሮዎች እንቁላል ብቻ አስገባለሁ። እየሰበሰብኩ ስለሆነ ስንት ቀን ድረስ ይቀመጣል?

ርባታ_ደብሬ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡00

እስከ 7 ቀን ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የመፈልፈል አቅሙ ይወርዳል። ሹሉ ጫፍ ወደታች ይሁን። የሚፈለገው ክፍል ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ነው፤ በዚህ ረገድ ደብረ ብርሃን ታድላለች፣ ሌላው በማቀዝቀዣ የሚያደርገውን አንቺ ጓዳሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ውርጭ የሚገባበት ወለል ላይ ብቻ አታስቀምጪ። የቆሸሸ እንቁላል አይታጠብ፣ አይግባም። ከማስገባትሽ በፊት ከጓዳ አውጥተሽ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆዪው፤ ከቅዝቃዜ በቀጥታ ሲገባ ቅርፊቱ ያልበዋል፣ በላቡ ጀርም ይገባል።

ባዶ ስለነበሩት 8 እንቁላሎች፦ አንድ አውራ ለ8 ወይም ለ10 ዶሮ ነው። ከዚያ በላይ ዶሮዎች ካሉሽ ሌላ አውራ ጨምሪ። ማሽኑ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 1፡30

7ኛ ቀን። ምልክት ያደረግኩባቸው 10ሩ ሲገቡ 520 ግራም ነበሩ፣ ዛሬ 484። 36 ግራም ቀንሰዋል። ትንሹ መለኪያ ግን 50 በመቶ አካባቢ ነው ሲል የከረመው። ልክ ነው?

ርባታ_ደብሬ (ደብረ ብርሃን) ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 1፡55

በዝቷል። 25 ነበር የሚጠበቀው። 50 በመቶ በመጽሐፍ ትክክል ነው፣ በ2,800 ሜትር ግን ያንሳል፣ ያልኩሽ የከፍታው ነገር ይኸው በሚዛን ታየ። ስፖንጅ ጨምሪና ወደ 60 አውጪው፣ እስከ 18ኛው ቀን እዚያው ይቆይ። በመብራት ስታዪው የአየር ቦታው ከሌላው ጊዜ ሰፍቶ ይታይሻል፣ አትደንግጪ፤ ቀሪዎቹ 11 ቀናት ያስተካክሉታል።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን) ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 2፡15

በ18ኛው ቀን 451 ግራም ሆኑ፣ ሁሉም ተደምሮ 69 ግራም ቀንሰዋል። ማገላበጫውን አቁሜ፣ እርጥበቱን 70 አድርሼ፣ ክዳኑን እስከ መጨረሻው አልከፈትኩም። ካስገባሁት 50 እንቁላል 6ቱ ባዶ ነበሩ። በ20ኛው ቀን ማታ ጫጫታው ተጀመረ፣ በ21ኛው ቀን ማታ 36 ወጥተው ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት 2 ተጨመሩ። ደርቆ የሞተ አንድም የለም! 12ቱን ወስጄ ከምትታቀፍ ዶሮ ሥር ላድርጋቸው ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ቀድማ ተነሣችብኝ። እማማ፣ ለሌላ ጊዜ ምክርዎን እሞክረዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። 3ቱ እግራቸው ወደ ጎንና ጎን ተከፍቶ መቆም አልቻሉም። ከቀሩት 6 ሳይወጡ የቀሩ እንቁላሎች 2ቱ መጥፎ ሽታ አላቸው።

የመንዟ_እናት (መሐል ሜዳ) ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 4፡00

እልል! እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ያድጉልሽ።

ርባታ_ደብሬ (ደብረ ብርሃን) ታኅሣሥ 11፣ ከቀኑ 7፡20

ከበቀሉት 44 ውስጥ 38 በጣም ጥሩ ነው።

እግራቸው የተከፈተው የማሽኑ ወለል ስለሚያንሸራትታቸው ነው። ሁለቱን እግሮች በስስ የቁስል ፕላስተር፣ የትከሻቸውን ስፋት ያህል ርቀት ትተሽ እሰሪያቸው፤ ዛሬውኑ ከታሰሩ በጥቂት ቀን ይስተካከላሉ፣ ካደሩ ይከብዳል። ለሚቀጥለው ዙር በ18ኛው ቀን ከሥር ሻካራ ጨርቅ አንጥፊ፤ ጋዜጣ አይሆንም፣ እሱም ያንሸራትታል።

የሸተቱትን ሳይፈነዱ በፌስታል አድርገሽ አውጪና ቅበሪ። ማሽኑን አጽድተሽ በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጊው፣ የውሃ ቦዮቹንና ስፖንጁን አትርሺ፣ ስፖንጁን እንዲያውም ጣይው። ማራገቢያው ላይ የተጣበቀውን የላባ ብናኝ በደረቅ ብሩሽ አራግፊ። ክዳኑን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው።

ጫጩቶቹ ከደረቁ በኋላ ሆዳቸው የገባው አስኳል እስከ ሁለት ቀን ስለሚመግባቸው ለማብላት አትጣደፊ፣ ውሃ ግን ይቅረብላቸው። ማሳደጊያው በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሂድ። ቁጥሩን ከማየት ይልቅ እነሱን እዪ፤ መብራቱ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ዳር ዳር ከሸሹና አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። የፈንግልን ክትባት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ በዓይን ጠብታ ይውሰዱ። ወረዳችሁ እንስሳት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ቀኑን ጠይቂ፤ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ጫጩት ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተቀናጅታችሁ ብትከፍቱት ይሻላል፣ ከተከፈተ አይቀመጥም።